እሺ ያለው ቺፕ

ቅድም አንድ የድሮ ኮምፒውተር ልጠግን ስል የጋለው መበየጃ ሙጫውን ነካና ጭሱ ቡን አለ። በቃ፣ ሽታው መለሰኝ፤ ባሌ ሮቤ ከተማ ነኝ! ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ጋሽ ከድር ሬዲዮ የሚጠግኑበት ሱቅ ውስጥ ቆሜያለሁ።

አባቴ ከአዲስ አበባ ሁለት የማይሠሩ አሮጌ ኮምፒውተሮች ገዝቶልኝ ነበር፤ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገጠሙ። የአንዱን ደህና ቺፕ ነቅለን ለሌላው መግጠም ነበረብን። ደህናው አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ከተሰበረ አለቀልኝ።

ጋሽ ከድር «ቢስሚላህ» ብለው የጥድ ሙጫ ቀቡት። ሽታው! የተገመደ የመዳብ ሽቦ የቺፑ እግሮች ላይ አድርገው ሲያሞቁት፣ እግሮቹን የያዘው እርሳስ ቀልጦ ወደ ሽቦው ይመጠጣል። እግሮቹ ደግሞ አርባ ናቸው! አላስችል ብሎኝ ቺፑን በጥፍሬ ልፈነቅለው ስል እጄን ያዙኝ።

«ሱታ!» አሉኝ በኦሮምኛ፤ «ቀስ በይ ልጄ። እሺ ሳይል ከጎተትሽው ይሰበራል።»

ቺፕ ደግሞ እንዴት ነው እሺ የሚለው? በልቤ ይህን እያልኩ የሚለቁትን እግሮች መቁጠር ጀመርኩ።

አርባኛው እግር ሲለቅ ጋሽ ከድር በጣታቸው ነካ አደረጉት። ቺፑ ዱብ አለ። «እሺ አለ!» ብለው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ።

ሌላው ኮምፒውተር ላይ ገጥመነው ከሱቁ ቴሌቪዥን ጋር ስናገናኘው መስኮቱ ሰማያዊ ሲሆን፣ ከሱቁ ዘልዬ ወጥቼ ደጅ ላይ ወደ ጎባ የሚሄድ መኪና የሚጠብቀውን ሰው ሁሉ «በራ! በራ!» አልኩት።

ዛሬም የመጨረሻውን እግር ካስለቀቅኩ በኋላ ነካ ሳደርገው ቺፑ ተንቀሳቀሰ።

«እሺ አለ!» ብዬ ስጮህ ልጄ ከጓዳ ሮጣ መጣች።

«ማን?»

መዳፏ ላይ አስቀመጥኩላት። ገና ይሞቃል።