ለሁለት የሚታጠፍ አንሶላ

በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ የሚታጠፈው ለሁለት ነው። ጫፍና ጫፍ ይዘው ይወጥሩታል፣ ያጥፉታል፣ ከዚያ እጅ ለእጅ እስኪነካኩ ይጠጋጋሉ። «መነኩሲት» የሚሏት አጣፊ ግን ከባሏ እህት ጋር ስትሠራ ጫፉን ወርውራላት ነው የምትመለሰው። ከተኳረፉ ሦስት ወር ሆናቸው።

ባለትዳርና የልጅ እናት ሆና ሳለ መነኩሲት ያሏት ሳታስቀድስ ሥራ ስለማትገባ ነው። መቁጠሪያዋ ከሽርጧ ኪስ አይጠፋም። ምላሷም አያርፍም። የባሏ እህት ትዳሯ የፈረሰ ሰሞን «ለማንም እንዳትነግሪብኝ» ብላ እያለቀሰች ያዋየቻትን፣ እሷ ወስዳ ለጸሎት ማኅበሩ የጸሎት ርዕስ አድርጋ አቀረበችው፤ ባልየው አብሯት ከኮበለላት ሴትዮ ስምና መልክ ጋር። «ጸልዩላት፣ እህቶቼ!» ሳምንት ሳይሞላ ሰፈሩ በሙሉ ይጸልይላት ጀመር። ጸሎት ከተባለ እንግዲህ!

አሁን የመነኩሲት ልጅ እሑድ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያናቸው የመጀመሪያ ቁርባኗን ልትቀበል ነው። እናትና ልጅ አብረው ሊቆርቡ ቃል ተገባብተዋል። መነኩሲት ኑዛዜ ብትገባ አባ፣ «ቅድስናሽን እዚያው አንሶላው ጋ ፈልጊው። ሳትታረቂ እንዳትቆርቢ» አሏት። በንዴት ጨሳ ወጣች።

ሐሙስ አንሶላ እንደያዘች፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብላ፣ «ይቅር ብዬሻለሁ» አለቻት።

የባሏ እህት አንሶላውን ለቀቀችው። «ምን አድርጌሽ ነው ይቅር የምትይኝ? ጉዴን ተንበርክከሽ የዘራሽው አንቺ! ከሐሜተኛስ እሸሻለሁ፤ ከጸሎተኛ የት ልግባ?»

መነኩሲት ልትመልስላት አፏን ከፈተች። ያን ቀን ማኅበሩ ፊት ስታወራ እንዴት ደስ ብሏት እንደነበር ትዝ አላትና ጎንበስ ብላ የወደቀውን አንሶላ አነሳች።

ዓርብ ማኅበሩ ፊት ቆመች። «ለአንዲት ሐሜተኛ ጸልዩ።»

ሴቶቹ ወንበራቸውን ሳብ ሳብ አደረጉ። «ማን ናት ደግሞ?»

«እኔ። ያኔ ያልኳችሁ ጸሎት አልነበረም፤ ሐሜት ነበር።»

«ለመሆኑ ባልየው ተመለሰ?» አለች አንዷ።

መነኩሲት ታውቃለች። ምላሷን በላት። እንደምንም ዋጥ አድርጋ «አባታችን ሆይ» ብላ ጸሎቱን ጀመረች።

ቅዳሜ ሁለቱ አንሶላ ወጠሩ።

«በደልኩሽ» አለች መነኩሲት።

«ትናንት ያልሽውን ሰምቻለሁ። ይቅር ግን አላልኩሽም።»

«እሺ።»

አጠፉት። መነኩሲት ጫፉን አልወረወረችም፤ እጅ ለእጅ እስኪነካኩ ተጠጋች።

«ነገ ቁርባኑ ላይ ልጅቷን ብቻዋን እንዳታቆሚያት» አለች የባሏ እህት፣ ፊቷን ሳታዞር። «በደንብ ያዢው እንጂ፣ መሬት ነካ።»