ጋሽ ሸምሱ ያልጨረሱት ተረት

መብራት ጠፋ ብዬ የፈነደቅኩት ልጅ ሳለሁ ብቻ ነው። ያኔ ልደታ ኮንዶሚኒየም ከገባን ገና ብዙም አልቆየንም፤ መብራቱ ድርግም ሲል የኤሌክትሪክ ምድጃው ሁሉ ቀጥ ይልና እናቶች ከሰላቸውን ይዘው ወደ ግቢው ይወርዳሉ፣ እኛም ደረጃው ላይ በጨለማ እየተጋፋን እንከተላቸዋለን። ክረምት ከሆነ በቆሎ ይጠበሳል። ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለው፣ ፍሙ ፊታችንን እያቀላው፣ ጋሽ ሸምሱ ዱካቸውን ይዘው እስኪወጡ እንጠብቃለን።

ጋሽ ሸምሱ የምድር ቤቱ ጎረቤታችን ነበሩ። ዕድሜያቸውን የከባድ መኪና ሹፌር ሆነው ስለጨረሱት ድምፃቸው ከሞተር ጋር መጮህ የለመደ ነው፤ ተረት ሲያወሩ እንኳ አንበሳው ሊሮጥ ሲል ማርሽ ያስገባሉ። ቁጡ ናቸው። መሃል ላይ ያወራ ልጅ «አንተ ትቀጥልልን?» ተብሎ ይፈጠጥበታል። ደግሞ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» የሚለውን እንደ ሌላው ሰው ለወጉ ያህል ብለው አይተዉትም፤ እጃቸውን ዘርግተው ዳቦውን ይጠብቃሉ። «በባዶ አፍ ነገ ተረት የለም!» ይሉናል፤ አንዳችን ሮጠን ከቤት ቁራሽ እናመጣለን።

ከአባዬ ጋር የነበራቸው ፍቅር ለብቻው ነው። አባዬ ልደታን ሳይሳለም ቢሮ የማይገባ ሰው ነው፤ እሳቸው ደግሞ ሶላታቸውን የማያስታጉሉ። ሥጋ አብረው ቀምሰው አያውቁም። ለፋሲካ እማዬ ድፎ ዳቦ ትልክላቸዋለች፣ በረመዳን የምስር ሳምቡሳ ይልኩልናል፤ አባዬ እሳቸውን ሳያይ ከዋለ ቀኑ የዋለ አይመስለውም።

አንድ ክረምት ግን ቤታችን ታመሰ። ታላቅ እህቴ ትዕግስት ከጓደኛዋ ጋር ጸሎት ቤት መሄድ ጀምራ ኖሯል። ምሳ ላይ አባዬ አንገቷን አየ፤ ማተቧ የለም።

«ጴንጤ ሆንሽ?» አላት።

«አዎ፣ አባዬ» አለች፣ ዓይኗን ሳትሰብር።

አባዬ የጠቀለለውን ጉርሻ ትሪው ላይ መለሰው። «እንግዲያው ወይ ማተብሽን ታስሪያለሽ፣ ወይ ቤቴን ትለቂያለሽ።»

እማዬ ብታለቅስ፣ ዘመድ ቢለምን፣ ወይ ፍንክች! ትዕግስት ቅዳሜ አክስቴ ቤት ልትገባ ሻንጣዋን ሸክፋ በሩ ጋ አስቀመጠች። እኔ ከእሷ ጋር በአንድ አልጋ የምተኛ ልጅ ነበርኩ፤ በበሩ ባለፍኩ ቁጥር ሻንጣውን ላለማየት ፊቴን አዞር ነበር።

ዓርብ ማታ መብራት ጠፋ። እንደ ልማዳችን ወረድን። አባዬ ፍሙ አጠገብ ተቀመጠ፤ ትዕግስት ራቅ ብላ ደረጃው ላይ፣ ብቻዋን፣ ብርዱ ላይ። ጋሽ ሸምሱ ሁለቱንም ተራ በተራ አዩና «ተረት ተረት!» አሉ።

«የላም በረት!» አልን።

«አንዲት ዶሮ ነበረች። ሳታውቅ የዳክዬ እንቁላል ታቀፈች። ጫጩቷ ስትፈለፈልላት ከሌሎቹ ጫጩቶች ሳትለይ አሳደገቻት። አንድ ቀን ወንዝ ዳር ብትወስዳቸው፣ ይቺ ጉደኛ ዘው! ውሃ ውስጥ። ዶሮዋ አበደች። ‹ውጪ! ትሞቻለሽ!› ‹ኧረ እማዬ፣ አልሰመጥኩም እኮ!› ‹የኔ ልጅ ውሃ አትገባም! ሁለተኛ ክንፌ ሥር እንዳትመጪ!› አለቻት። ከዚያ መሸ። ብርድ መጣ። ጫጩቷ ከውሃው ወጥታ ዳር ላይ ቆመች፣ ትንቀጠቀጣለች...» ብለው ዝም አሉ።

«ከዚያስ?» ብለን ጮህን።

«እኔ ምን አውቄ! ዶሮዋን ጠይቋት።»

አባዬ ገብቶታል። «ጋሽ ሸምሱ፣ ዶሮዋ እኔ መሆኔ ነው?» አለ።

«ላባህን አላየሁትም» አሉ፤ ልጆቹ በሳቅ ፈነዳን። እሳቸው ግን አልሳቁም። ያን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ታደሰ፣ የኔ አንገት ላይ ማተብ አለ?» አሉት። «ይኸው አጠገቤ ትቀመጣለህ፣ ስታመም ቀድመህ የምትደርሰው አንተ ነህ። ለጎረቤት የቻልከውን ለልጅህ አቃተህ?»

አባዬ ብድግ ብሎ ትዕግስትን ሳያያት በአጠገቧ አልፎ ደረጃውን ወጣ። ያን ሰዓት አባቴን ጠላሁት። ተንሰቅስቄ አለቀስኩ፣ በቆሎው ማንም ሳያገላብጠው አረረ፤ ጋሽ ሸምሱም ዳቦ አልጠየቁም።

ትንሽ ቆይቶ ኮቴ ሰማን። አባዬ ጋቢውን ይዞ ወርዶ ትዕግስት ትከሻ ላይ ጣል አደረገላት።

«ብርድ ይመታሻል» አላት። «ያንን ሻንጣም ከበር ላይ አንሺው፤ አደናቀፈኝ።»

ትዕግስት እጁን ይዛ በለቅሶ ፈረሰች። እሱ በሌላ እጁ ጋቢውን እያስተካከለላት፣ «የማተቡን ነገር ግን አልተውኩልሽም» አለ።

በማግስቱ ጠዋት ከዳቦው ትልቁን ቆርሶ ሰጠኝ። «ለጋሽ ሸምሱ አድርሺ። አፋቸውን ያብሱበት።» ሳደርስላቸው ዳቦውን አገላብጠው አዩት፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «እኔ እኮ አልጨረስኩትም ነበር» አሉ።

አባዬ የማተቡን ነገር እውነትም አልተወላትም፤ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። እሁድ ጠዋት እሱ ወደ ልደታ፣ እሷ ወደ ጸሎት ቤቷ ይሄዳሉ፤ ምሳ ላይ አንድ ትሪ ይቀርባሉ። እሷ ዓይኗን ጨፍና ስትጸልይ «ወጡ ቀዘቀዘ!» እያለ ያጉረመርማል፤ ግን እሷ አሜን ሳትል አይቆርስም። ሰው ከሰው ጋር መኖርን የተማርኩት ከስብከት ሳይሆን ከዚያ ማጉረምረም ነው ብል አላጋነንኩም።

ጋሽ ሸምሱ ካረፉ ሰነበቱ፤ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አሁን ተረቱን ለትዕግስት ልጅ የምነግራት እኔ ነኝ። እኔም እንደ እሳቸው ወንዙ ዳር ላይ ቀጥ እላለሁ። ባለፈው «ከዚያስ?» ብላ ብትጨቀጭቀኝ፣ «አያትሽን ጠይቂው» አልኳት። ሮጣ ጭኑ ላይ ወጣች።

አባዬ ፀጉሯን ደባበሰ። «ክንፏን ከፈተቻ፣ ምን ታድርግ!» አላት። «ውሃውን ግን አሁንም አትወደውም።»