የእንግዳ ትሪ

ከባለቤቴ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ አቮካዶ ማውረድ ነበር። እሱ ጫፉ ላይ የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን የታሰረበትን ረጅም ቀርከሃ ይዞ ወደ ላይ ያንጋጥጣል። እኔ ከታች ጆንያ ዘርግቼ ከጀሪካኑ ያመለጠውን እቀልባለሁ። ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ እየገባች ስለምታስቸግረው ፍሬው ያለበትን የምነግረው እኔ ነኝ። "ወደ ግራ" እለዋለሁ፤ "የማን ግራ?" ይለኛል። በትዳራችን ሙሉ ያልፈታነው ጭቅጭቅ ነበር።

የወረደውን እያንዳንዱን ፍሬ ከሱቁ ባመጣው የጨርቅ ቁርጥራጭ ጠቀለለው። ልብስ ሰፊ ነበርና ቤታችን ውስጥ ቁርጥራጭ ጠፍቶ አያውቅም። ካርቶን ውስጥ ደርድረን አልጋ ሥር ገፋነው፤ እስከ ሐሙስ ሳምንት ይለሰልሳል ብለን። ይህ ሰኞ ከሰዓት ነው። ረቡዕ ጠዋት ከሱብሂ ሶላት በኋላ "ትንሽ ጎኔን ላሳርፍ" ብሎ ጋደም አለ፤ አልተነሳም። አላህ ይዘንለት።

ይህን የምጽፈው ቀስ እያልኩ ነው። አንድ አንቀጽ ጽፌ ለቀናት ትቼው እሄዳለሁ። ስለ ሞቱ ብዙ የምለው የለኝም። አቮካዶው ሊሄድበት ስለነበረው ቤት ግን አለኝ።

አንዲት ልጅ አለችን፤ አግብታ ሰኮሩ ትኖራለች። ባሏ በአይሱዙ ቡና የሚያመላልስ ሹፌር ነው፤ አብዛኛውን ሳምንት መንገድ ላይ ስለሚያሳልፍ ልጄ የምትውለውም የምታድረውም ከአማቷ፣ ከባሏ እናት ጋር ነው። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ፣ ሆዷ መታየት ሲጀምር ሰፈራችን ቦሳ ኪቶ እኛ ቤት መጣች። ከበር ስትገባ ከንፈሯ አመድ መስሏል። የታችኛውን የዓይኗን ሽፋን ገለበጥ አድርጌ ባየው ቀይ መሆን የነበረበት ነጥቷል። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ ደሟ አንሷል አሉን። ነርሷ የሚዋጥ እንክብል ሰጠቻት፤ ከዱሮው ጨምራ እንድትበላ፣ እንቁላል፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ ወተት እንዳይለያት መከረቻት። ከምግብ ላይ ቡና እንዳትጠጣም ነገረቻት። በኛ አገር ይህ ምን ያህል ከባድ ምክር እንደሆነ ነርሷም ታውቃለች መሰለኝ፣ ፈገግ ብላ ነው ያለችው።

ማታ ምን እንደምትበላ ጠየቅኳት። እንጀራ በሽሮ፣ አንዳንድ ቀን ቆጮ። እንቁላልና ወተት አማቷ እንደከለከሏት ደብቃ ደብቃ ነገረችኝ። ምክንያቱን እኔም ስሰማው ያደግሁት ነው። ነፍሰ ጡር ወተትና እንቁላል ካበዛች፣ አቮካዶ ከበላች፣ የበላችው ሕፃኑ ራስ ላይ ይለጠፋል ይባላል። ልጁም ይገዝፍና መውጫ ያጣል ይባላል። ስለዚህ ልጄ ጥቂት ትበላለች፣ ከሁሉም በኋላ ትበላለች።

ባለቤቴ ይህን ሰማ። የሐሙስ ዕለት እዚሁ ከተማችን መርካቶ ያለውን ሱቁን ዘግቶ፣ አንድ ትሪ እንቁላል በጭኑ ላይ አቅፎ በሚኒባስ ሰኮሩ ሄደ። ሲመሽ ተመለሰ። ጫማውን እያወለቀ ብቻውን ይስቃል።

"ምን ሆንክ?" አልኩት።

"እንቁላሉን በላሁት።"

"ማን?"

"እኔ ነኛ። ለልጄ የወሰድኩትን እኔው በልቼው መጣሁ።"

እንዲህ ነው የሆነው። እንግዳ ያመጣው ስጦታ የቤቱ ይሆናል። ቤቱ ደግሞ ያለውን ደህና ነገር ለእንግዳ ነው የሚያቀርበው። አማቷ እንቁላሉን አመስግነው ተቀበሉ፤ ወዲያው በቅቤና በሚጥሚጣ ጠብሰው በትልቅ ትሪ ለባለቤቴ አቀረቡለት። ልጃችን እጁን አስታጥባው እዚያው ቆመች። እንግዳ የቀረበለትን አልበላም ቢል ነውር ነው፤ ልጄ ትብላው ቢል ደግሞ ልጄን አስራባችሁ ማለት ይሆናል። ዓይኗን እያየ በላ።

በሳምንቱ እንደገና ሄደ። መንገዱን ሙሉ ሲያስብ ነበር የሄደው። ትሪው ሲቀርብ እጁን አልዘረጋም። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል፣ ልጄ አጠገቤ ካልተቀመጠች ጉሮሮዬ አይከፈትም አለ። አማቷ ልጅቷን "ተቀመጪ" አሏት። ከዚያ ለራሱ አንድ ጉርሻ፣ ለእሷ ሦስት። እየሳቀ፣ የልጅነቷን ወሬ እያወራ፣ ያላመጠችውን ሳትውጥ ሌላ እያዘጋጀ።

ከዚያ በኋላ ሐሙስ አልቀረም። ሲሄድ ባቄላም፣ ወተትም፣ ሙዝም ይዞ ይሄዳል፤ እንግዳ ሆኖ ተቀምጦ ያመጣውን ያጎርሳታል። መርካቶ ያሉት ጎረቤት ሰፊዎች ቀለዱበት። ሱቅ ዘግቶ አማቾች ቤት ምሳ የሚሄድ ሽማግሌ አይተን አናውቅም፣ እዚያ ማዶ ዶሮ ተረፈ ወይ እያሉ። አንዱ "ለመሆኑ ሰኮሩ ምን ትሰፋለህ?" ቢለው "የልጅ ልጅ" ብሎ መለሰለት። እየቆየም የልጄ ፊት ወዙ ተመለሰ። ሁለታችንም የምንፈራው አንድ ነገር ነበር። "ሴትዮዋ የነቁብን ቀን አለቀልን" ይለኝ ነበር ማታ ማታ። ስለ ዘዴው ለልጃችን እንኳ አልነገርናትም።

እሱ ሲሞት ልጄ ሰባት ወሯን ይዛለች። ከአማቷ ጋር ለቅሶ መጣች። ቤቱ በሰው ተሞላ፤ ያኔ የማን እጅ እንዳቀፈኝ፣ ማን ውሃ እንደሰጠኝ አላስታውስም። የማስታውሰው ትንሽ ጋብ ሲል ሴቶቹ በሹክሹክታ ያሉትን ነው። ነፍሰ ጡር ለቅሶ ቤት አትክረም፣ ልቧ ይደነግጣል፣ ወደ ባሏ ቤት ትመለስ። አማቷም በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ደግሞ ኢዳ ገብቻለሁ። ባሏ የሞተባት ሴት ጊዜዋን እስክትጨርስ ከቤቷ አትወጣም። ፍራሽ ላይ ተቀምጬ የማስበው ይህንኑ ነበር። የሞተውን አፈር ተቀብሎታል። ልጄ ግን ከነገ ወዲያ ሰኮሩ ትመለሳለች፤ የፊታችን ሐሙስ እንግዳ ሆኖ የሚሄድላት የለም። እንደዚያ አመድ መስላ ምጥ ብትይዛትስ? ለቅሶዬ ለማን እንደነበር አሁንም ለይቼ አላውቅም።

በዚያው ሰሞን አንድ ከሰዓት ለቀስተኛው ሳሳ። እኔ፣ ልጄና አማቷ ብቻ ቀረን። ልጄ ብርድ ልብስ ልታወጣ አልጋ ሥር ብትጎነበስ ካርቶኑን አገኘችው። እኔ ጭራሽ ረስቼዋለሁ። አንዱን በሰማያዊ የዩኒፎርም ቁርጥራጭ የተጠቀለለ ፍሬ አወጣች፣ ፈታችው፣ በአውራ ጣቷ ጫን አለችው። ለስልሷል። ወዲያው አማቷ እያዩዋት መሆኑን ስታውቅ መልሳ ጠቀለለችው።

"አምጪው" አሏት አማቷ። "ቢላም አምጪ።"

የሚጥሉት መስሎኝ ነበር። ፍሬውን እጃቸው ላይ አድርገው ወደ እኔ ዞሩ።

"ባለቤትዎ አንድ እንቁላል እንኳ አይጨርሱም ነበር" አሉኝ። "እኔ አራት ነበር የምጠብሰው።"

"ያወቁብን አልመሰለንም ነበር" አልኳቸው።

"ሽማግሌ ሰው ለእንቁላል ብሎ በየሳምንቱ ያን ሁሉ መንገድ አይመጣም።"

ከዚያ የነገሩኝን እስከዚያ ቀን ሰምቼው አላውቅም። ትልቋ ልጃቸው በወሊድ ነው የሞተችው። ሕፃኑ ትልቅ ነበር ብለው ነገሯቸው፤ ከዚያ ወዲህ ነፍሰ ጡር ስትበላ ባዩ ቁጥር እሷ ናት የምትታያቸው። ምራታቸው ስትገረጣ አይተዋል፣ ነርሷ ያለችውንም ወንድ ልጃቸው ነግሯቸዋል። ሰጥተዋት አንድ ነገር ብትሆን ግን የገደልኳት እኔ ነኝ ይላሉ።

"አባቷ ሲያጎርሷት የአባቷ እጅ ነው አልኩ" አሉኝ። "እኔ የእንግዳ ምግብ ነው ያበሰልኩት። እሳቸው ያጎርሷታል፣ እኔ እንቁላል እጨምራለሁ። እንዲህ ነበር የምንኖረው። አሁን እሳቸው የሉም።"

አቮካዶውን ሰነጠቁት። ጎረቤት ካመጣው ዳቦ ቆርሰው በማንኪያ ቀቡበት። "ኛዹ፣ ኢንተላ ኮ" አሏት፤ ብዪ ልጄ ማለታቸው ነው፤ አጎረሷት። ልጄ እያለቀሰች በላች። እኔም አለቀስኩ፤ ባሌ ከሞተ ወዲህ ደረቴን የቀለለኝ ግን የዚያን ጊዜ ነው።

እዚያው ተቀምጠን ተነጋገርን፤ ልጄ እስክትወልድ እኔ ዘንድ እንድትቆይ ተስማማን። የነፍሰ ጡርና የለቅሶ ቤት ነገር ሲነሳ አማቷ ወደ ጓዳው በአገጫቸው አሳዩኝ። እውነታቸውን ነው። ለቅሶ ቤት እሳት አይነድም፤ ጎረቤት ነው አብስሎ የሚያመጣው። በዚያ ሰሞን ከቦሳ ኪቶ የኛን ቤት ያህል ምግብ የሞላው ቤት አልነበረም። ምስር፣ ባቄላ፣ ሥጋ፣ ጎመን በአይብ። እኔ ባልበላም ልጄ በላችልኝ። ለቀስተኛው ከቀነሰም በኋላ አንዲት ጎረቤቴ በየጠዋቱ ትኩስ ወተት በአጥር በኩል ማቀበሏን አልተወችም። ካርቶኑ ውስጥ ያለውንም አንድ በአንድ እየፈታች ጨረሰችው። ቁርጥራጮቹን አጥባ አጣጥፋ አስቀመጠቻቸው።

ምጥ ሲይዛት አማቷ ከሰኮሩ መጥተው አብረዋት ሐኪም ቤት ሄዱ። እኔ ከቤት አልወጣሁም። ሶላት ሰግጄ ስልኬን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ፣ ደግሞ ተቀመጥኩ። የደወሉልኝ ራሳቸው ናቸው። "ሁለቱም ደህና ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ" አሉኝ። "ሴት ናት።" ከዚያ በኋላ ያሉትን አልሰማሁም፤ ስልኩን ይዤ ግድግዳውን ተደግፌ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ቤት ሲመለሱ ታሪኩን ሳቅ እያቋረጣቸው ነገሩኝ። ሕፃኗ ስትወጣ ራሷ ላይ ነጭ ነገር ነበር። አማቷ ደንግጠው አዋላጇን "ይኸው አቮካዶው" አሏት። አዋላጇ በጨርቅ እየጠረገች ይህ የሌለበት ሕፃን እንደማይመጣ፣ እናቱ ጾሟን ብታድርም አብሮት እንደሚወለድ ነገረቻቸው።

"ለካ የኔዎቹም እንዲሁ ነበሩ" አሉኝ። "ወተት ሳልቀምስ ነው የወለድኳቸው፤ እነሱም ራሳቸው ነጭ ነበር። ፍርሃት አስረስቶኝ ነው።"

ሕፃኗ መካከለኛ ናት፤ ትልቅም ትንሽም አይደለችም። ልጄ ደሟን እንደገና ስትታይ ደህና ነው አሏት።

አራስ ሳለች ችግር አልነበረም። አራስ በኛ አገር ንግሥት ናት። ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ የዶሮ ሾርባው፣ ጠያቂው። እኔን ያሳሰበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነበር። ከአራስ ቤት የተነሳች ሴት እንደ ማንኛዋም ሴት ትሆናለች፤ ውሃ ትቀዳለች፣ ታበስላለች፣ ሰው በልቶ ሲነሳ ከተረፈው ትቀምሳለች። ጡቷን የሚስበው ልጅ ግን መሳቡን አላቆመም። ነርሷ የምታጠባ ሴት ከነፍሰ ጡሯ የበለጠ መብላት እንዳለባት ነግራናለች። ልጄ ልጇን ታቅፋ ሰኮሩ ስትመለስ ይህን እያሰብኩ ሸኘኋት።

ኢዳዬን ጨርሼ መጀመሪያ የወጣሁት ወደ እሷ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ባለቤቴ መንገዱን ሙሉ እንዳደረገው እኔም የምለውን ሳዘጋጅ ሄድኩ። ትሪው ሲቀርብ ልጄ አጠገቤ ካልተቀመጠች አልበላም ልል ነው። አላስፈለገኝም። አማቷ ትሪውን ሲያስቀምጡ ልጄ ቀድማ ተቀምጣለች፣ እጇን ታጥባለች፣ ሕፃኗ ጭኗ ላይ ናት። አማቷም አብረውን ተቀመጡ። እንቁላሉን በዓይኔ ቆጠርኩት፤ ለእያንዳንዳችን ሁለት ሁለት ነበር። ከእሳቸው ድርሻ አንዱን ወደ ልጄ ገፋ አደረጉት፤ እኔም እንዳላየሁ ሆንኩ።

ቀርከሃውን አሁን እኔ ነኝ የምይዘው። ግራውንም ቀኙንም የሚጠይቀኝ የለም፤ ያመለጠው መሬት ይወድቃል። ጠንካራ ጠንካራውን በእሱ ቁርጥራጮች ጠቅልዬ አልጋ ሥር አኖራለሁ። ሐሙስ ሐሙስ የለሰለሰውን ይዤ ሰኮሩ እሄዳለሁ፤ ከልጄ ጋር ከአንድ ትሪ ምሳ እበላለሁ።