ሦስተኛው ጥሪ

ጥቁር አሜሪካዊው ሽማግሌ የሸዋዓለምን ታክሲ የሚጠሩት ከማኅበራቸው ሰው ሲሞት ነው። ከአሜሪካዋ አሌክሳንድሪያ እስከ መካነ መቃብሩ ነጭ ጓንታቸውን አያወልቁም፤ ለቀብር ሥርዓቱ የሚታጠቁት ነጭ ሽርጥ በደንብ ተተኩሶ ጉልበታቸው ላይ ይቀመጣል።

“ማኅበሩን አያቶቻችን ቀባሪ እንዳናጣ ብለው ነው ያቋቋሙት” አሉት ዛሬ። “የሟቹን ስም ሦስት ጊዜ እጠራለሁ። መልስ ከሌለ ከመዝገብ ይወጣል።”

ሸዋዓለም የራሱ እድር ትዝ አለው። “አሁን ስንት ቀራችሁ?” ሲል ጠየቃቸው።

“እስከ ማክሰኞ ሁለት ነበርን።”

ታክሲው መካነ መቃብሩ በር ላይ ሲቆም ሽማግሌው ወዲያው አልወረዱም። ሙሉ ስማቸውን ነገሩትና፣ “እስቲ ጥራኝ” አሉት።

ጠራቸው። “አቤት” አሉ።

ደገመው። “አቤት” አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ሦስተኛውን ሲጠራ ሽርጣቸውን ይዘው ዝም ብለው ወረዱ።