ወፍራም ጎማ ፍለጋ ከሰቢል እስከ መንሱር

ረቡዕ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጅዳ ካለው ከአሠሪዬ ከማዳም ቤት ወጣሁ። ማዳም ልጆቿን ይዛ ጣኢፍ እናቷ ዘንድ ስለሄደች የአንድ ቀን ፈቃድ ሰጥታኛለች። መካ የምሄደው ለሳይክል ነው። ሰው መካ የሚሄደው ለዑምራ ስለሆነ ይህን ለመናገር አፍሬ ለዘበኛው "አክስቴን ልጠይቅ" አልኩት። እሱም ውሸት አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ እህቴ መኪያ ከባቲ በታች ባለው ቆላ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ያቆምኩት እሷ እንድትማር ነበር። አሁን ግን በየመንደሩ በእግር መዞሩ መሯታል። "እታለም፣ እግሬ አለቀ። እኔም እንዳንቺ ልምጣና ልሥራ" ስትለኝ የማጥበውን ሰሃን አስቀመጥኩ። ሳይክል እልክልሻለሁ፣ ታገሺ አልኳት። ካርጎ ቤቱ ዕቃ የሚቀበለው እስከ ነገ ብቻ ነው። ሳይክሉ ካልሄደ ወይም ሄዶ ካልሠራላት እሷ ትመጣለች።

የትኛውን ሳይክል ልላክ? ያልገባኝ ይህ ነው። ከጥቂት ዓመት በፊት ጎማው እንደ ሞተር ጎማ የወፈረ ሳይክል የማየው ባሕሩ ዳር፣ በሀብታም ልጆች እግር ሥር ብቻ ነበር። አሁን ምግብ አመላላሹም፣ ዘበኛውም፣ የሰፈራችን አትክልተኛ ሽማግሌም ይነዱታል።

ሰቢል

ሰቢል እዚያው ጅዳ ውስጥ ነው። ከሱቅ ሰው ጋር መነጋገር ስለማፍር ጓደኛዬን ረሂማን ከጉለይል ሰፈር ይዣት መጣሁ። እዚያ ከሦስት ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። እኔ ዝም ስል እሷ ታወራለች፤ እንዲህ ነው የምንገበያየው።

የሱቁ ሰው የመናዊ ነው። ወፍራም ጎማዎቹን ፊት ለፊት ደርድሮ ቀጫጭኖቹን ወደ ኋላ ገፍቷቸዋል። ረሂማ በዐረብኛ ጠየቀችው።

"ይህ ለአሸዋ ይሆናል?"

"ለአሸዋ ነው የተሠራው።"

"ለድንጋይስ?"

"ለድንጋይም።"

"ለዳገት?"

"ለዳገትም።"

"ታዲያ አንተ ለምን በእግርህ ትመጣለህ?"

ሰውየው ሳቀና ሻይ አዘዘልን። ባትሪ ያለውንም አሳየን። ልቤ እሱ ላይ ነበር፤ ካርጎ ቤቱ ግን ባትሪ አይቀበልም። ባትሪ የሌለው ወፍራሙ ስምንት መቶ ሃምሳ ሪያል፣ ቀጭኑ አራት መቶ ነው አለ።

"ወፍራሙን ግዢ" አለች ረሂማ በአማርኛ። "ቀጭን ብትልኪ ከሳዑዲ የመጣ ማን ይለዋል? ያ እኮ ኮምቦልቻም አለ።"

ይህ እውነት ነው። እኛ የምንልከው ዕቃ ከሩቅ ሲታይ ከዚህ የመጣ መምሰል አለበት። ግን ሳይክሉ የሚላከው ለመታየት ነው ለመነዳት? የአክስቴ ልጅ አንዋር መካ፣ መንሱር ሰፈር ውስጥ ሳይክል ይጠግናል፣ ይሸጣልም። እሱን ሳላማክር አልገዛም ብዬ ተለየኋት።

መንገዱ

ለመካ ታክሲ አራተኛ ሰው ሆኜ ገባሁ፤ ሃያ ሪያል። ጅዳ እስክታልቅ ሜዳ ነው። እዚህስ የትኛውም ጎማ ይሄዳል አልኩ በሆዴ። ከዚያ አሸዋው መጣ፤ ነፋሱ አስፋልቱ ላይ እየበተነው በቢጫ ክር የተሰፋ ይመስላል። ወፍራሙ ይሻላል አልኩ። ቀጥሎ ጥቁር ድንጋይ የለበሱ ተራሮች ሲመጡ ሐሳቤን እንደገና ቀየርኩ። ኬላው ላይ ፖሊሱ ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ አይቶ መለሰልኝ። ለምን እንደምሄድ ግን አልጠየቀኝም።

መንሱር

የአንዋር ሱቅ አንድ በር ናት። እሱ መካ ተወልዶ ያደገ ስለሆነ አማርኛው ከዐረብኛ ጋር ተቀላቅሏል።

"አህለን ሉባባ! ሙሽኪላሽ፣ ችግርሽ ምንድን ነው?"

ነገርኩት። "መንገዷ አሸዋ ነው ወይስ ጀበል፣ ተራራ?" አለኝ።

"ሁለቱም መሰለኝ።"

"መሰለኝ አይሠራም። ስንት እጁ አሸዋ፣ ስንት እጁ ድንጋይ?"

አላውቅም። መኪያ የምትሠራበትን ቀበሌ አይቼው አላውቅም። የማውቀው ልጅ ሆኜ እንጨት የለቀምኩበትን መንገድ ነው። ለመኪያ በድምፅ መልእክት መንገዷን እንድትነግረኝ ጠየቅኋት። ኔትወርክ የምታገኘው ጉብታ ላይ ስትወጣ ስለሆነ መልሱ ቶሎ አይመጣም።

"ያላ፣ እስከዚያ እንሞክረው" አለ አንዋር። ከሱቁ አንድ ወፍራምና አንድ መካከለኛ ጎማ ያላቸው ሳይክሎች ፒካፑ ላይ ጫነ። ከአክስት ልጅ ጋር ብቻዬን መውጣት ስለማይሆን አክስቴ ሐጃ ዘሃራም ተጫነች። "በስድሳ ዓመቴ የሳይክል ጠባቂ ሆንኩ" እያለች እስከ ከተማው ዳር ሳቀችብን።

አሸዋው ላይ

ልጅ ሳለሁ ባቲ በደቂቃ የሚከራይ ሳይክል ነድቻለሁ። አባያዬን ሰብስቤ ወገቤ ላይ አሰርኩ። አንዋር እንዳያየኝ ፊቱን ወደ መኪናው አዞረ።

መጀመሪያ የወፍራሙን ጎማ በጣቴ ተጫንኩት፤ ገባ። በእኛ አገር ጎማ በጣት ከገባ ጎድሏል ማለት ነው። ስለዚህ መንፊያውን ይዤ ድንጋይ እስኪሆን ነፋሁት። ወጣሁበትና ሦስት ጊዜ ፔዳል እንደመታሁ ሰመጠ። ወደቅሁ።

"ጎማውን ነፋሽው አይደል?" አለ አንዋር ፊቱን ሳያዞር።

"አላየኸኝም እኮ።"

"አወዳደቅሽን ሰማሁት። አስተንፍሺው።"

"ጎድሎ እንዴት ይሄዳል?"

"አሸዋ ላይ ጎማው መተኛት አለበት። ሲተኛ ሰፊ ይሆናል፣ አይሰምጥም።"

አስተነፈስኩት፤ ወላሂ ሄደ። አክስቴ አጨበጨበች። ደስ ብሎኝ ወደ አስፋልቱ አወጣሁት፤ እዚያ ግን ሊጥ ውስጥ የምነዳ መሰለኝ፣ ጭኔ ተቃጠለ። መካከለኛው ደግሞ አሸዋው ላይ እንቢ ብሎ አስፋልቱ ላይ በረረ።

"ታዲያ መኪያ አሸዋ ስትደርስ ታስተነፍሳለች፣ ስትሻገር ትነፋለች?" አልኩት።

"አይዋ፣ አዎ።"

"በቀን ስንት ጊዜ?"

"እሱን እኔን ትጠይቂኛለሽ?"

ከመነሳቴ በፊት ጥያቄው አንድ ነበር። አሁን አራት ሆነ።

ደረጃው

የአክስቴ ቤት ተራራው ወገብ ላይ ነው፤ መኪና ከታች ይቆማል። ለምሳ ስንወጣ አክስቴ ወፍራሙን ሳይክል አሳየችኝ። "ተሸከሚው" አለች።

"ለምን አክስቴ?"

"እኔ ከወሎ ስወጣ ሃያ ዓመቴ ነበር፤ መንገዱን አልረሳሁትም። እዚያ ሰው ሳይክል ላይ የሚወጣውን ያህል ሳይክልም ሰው ላይ ይወጣል።"

አነሳሁት። አሥራ አንደኛው ደረጃ ላይ አስቀመጥኩት። መካከለኛውን ግን ትከሻዬ ላይ አድርጌ በራፏ ድረስ አደረስኩት።

ሩዝና ዶሮ እየበላን ሳለ የመኪያ ድምፅ መጣ። "ከጤና ኬላው እስከ ወንዙ ጥርጊያ መንገድ ነው። ወንዙ አሸዋ ነው፣ ግን ስፋቱ የድንጋይ ውርወራ ያህል ነው፣ ተገፍቶ ያልፋል። ከዚያ ወዲያ ድንጋይና ዳገት። እታለም፣ ካልሆነ አትጨነቂ። ፓስፖርቴን አውጥቻለሁ።"

አንዋር "ኸላስ፣ መካከለኛው ነው፤ ነገ ጅዳ ስወርድ ካርጎ ቤት አደርሰዋለሁ" አለ። ስለ ጎማው ልክ ነበር። አክስቴ ግን እኔን እያየች "ሥራሽ ምን እንደሚመስል ነግረሻታል?" አለችኝ። አልነገርኳትም። የምልክላት ፎቶ ሁሉ ባሕሩ ዳር የተነሳሁት ነው።

መመለስ

ታክሲው ውስጥ ከኋላ ጥግ ይዤ ስልኬን ከሻርፔ ሥር አስገባሁ። ለመኪያ አምስት ጊዜ ድምፄን ቀድቼ አጠፋሁ። በስድስተኛው ላክሁት። የምተኛው ከልብስ ማጠቢያው ጎን መሆኑን፣ ስልኬ ማታ ብቻ እንደሚሰጠኝ፣ ወደዚህ ከመጣሁ ጀምሮ ብቻዬን ከቤት የወጣሁባቸው ቀናት በጣት እንደሚቆጠሩ ነገርኳት። ማዳም ክፉ አይደለችም አልኳት፤ እሱም እውነት ነው። መካከለኛ ጎማ ያለው ሳይክል ነገ ይላክልሻል፣ የፓስፖርቱን ነገር አንቺ ታውቂያለሽ ብዬ ጨረስኩ።

ጅዳ ስገባ አሥራ ሁለት ሰዓት ሆኗል። ረሂማ ደውላ የገዛሁትን ስትሰማ "መካ ድረስ ሄደሽ ቀጭን?" አለች። መካከለኛ ነው ብላት አልሰማችኝም።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩትን በደንብ ለመናገር ይቸግረኛል። ወፍራም ጎማ ለአሸዋ ጥሩ ነው፣ ከተነፈሰ። ለአስፋልት ይከብዳል፣ ለደረጃ አይሆንም። ይህን ለማወቅ ግን ሁለት ከተማ ከምዞር መንገዱን የምትሄድበትን ሰው አስቀድሜ ብጠይቅ ይቀል ነበር።

የማዳምን በር ስከፍት የመኪያ መልስ ገባ።

"እታለም፣ ሰምቻለሁ። ግን እስካሁን ልነግርሽ ያፈርኩት ነገር አለ። ሳይክል መንዳት አልችልም። የትምህርት ቤቱ መምህርት አንድ አላት፤ ያንቺ እስኪደርስ ከነገ ጀምሮ በእሷ እለማመዳለሁ። ብወድቅ እንዳትስቂብኝ።"

ስለ ፓስፖርቱ ምንም አላለችም። መልእክቱን መልሼ መላልሼ ሰማሁት።