ስትተኛ የሚሻላት ሕመም

ባለቤቴን ብርቄን መጀመሪያ ያመማት በገብስ አጨዳ ነው። አንድ ነዶ ሳትሞላ ቁጭ ትላለች፤ ከንፈሯ ይጠቁራል።

"ስተኛ ይሻለኛል፤ ስቆም ትንፋሼ ቁርጥ ይላል" አለችኝ።

"እኔም ስተኛ ይሻለኛል" ብዬ ቀለድሁባት። ወገዳ፣ ጠዋቱን፣ አስተምሬ ከትምህርት ቤት መልስ እርሻ የምወርድ ሰው ነኝ፤ አርፌ መቀመጥ አልችልም፣ የሚቀመጥ ሰውም አልወድ።

ጥር ላይ ደም አሳላት። ብዙ ደም። ነጠላዋ ራሰ። መኪና ፍለጋ ሮጥሁ።

ቲቢ ተጠረጠረ። አክታዋ ተመረመረ፤ የለም። ሌላ ቦታ ኒሞኒያ ይሆናል ተባለ። መድኃኒቱን ጨረሰች፤ አልተሻላትም። በየሄድንበት ሐኪሙ "ምን ይሰማሻል?" ሲላት መላሹ እኔ ነበርሁ። ሳሉን፣ ደሙን፣ ድካሙን ቆጠርሁ። የመተኛቷን ነገር ግን ዋጥሁት። ሚስቱ ሰነፍ ናት እንዳይሉኝ አፈርሁ። እሷም በሰው ፊት ባልን ማቋረጥ ነውር ነው ብላ ዝም።

ባሕር ዳር ያገኘናት ሐኪም ግን ገና አፌን ስከፍት፣ "መምህር፣ እርስዎ ትንሽ ይቆዩ። ሕመሙ የእሷ ነው" አለችኝ። ደሜ ፈላ። ብርቄ መሬት መሬቱን እያየች፣ "ስተኛ ይሻለኛል" አለች።

ሐኪሟ የኦክስጅን መለኪያ ጣቷ ላይ አደረገችላት። ተኝታ ዘጠና ሦስት። ቆማ ሰማንያ አንድ። አፈርሁ።

ሲቲ ስካን ተነሣች። የሕመሙ ስም የሳንባ አርቴሪዮቬነስ ማልፎርሜሽን ነው፤ ደም ቅዳና ደም መልስ ያለ ቦታቸው በቀጥታ ተገናኝተው ደሙ ኦክስጅን ሳይዝ ያልፋል። ስትቆም ደሙ ወደ ሳንባዋ ግርጌ፣ ቧንቧዎቹ ወዳበጡበት ይወርዳል።

"ካልተደፈነ የረጋ ደም ወይም ጀርም በዚያው አልፎ አንጎሏን ሊመታ ይችላል" አለችን።

አዲስ አበባ ተልከን፣ ዘበኛው "ጋሼ፣ ወለሉን ጨረሱት እኮ" እስኪለኝ ድረስ ኮሪደሩን ስመላለስ ሰነበትሁ፤ ሐኪሞቹም በብሽሽቷ የደም ሥር ቀጭን ቱቦ አስገብተው፣ ኤምቦላይዜሽን በሚሉት ሕክምና ያበጡትን ቧንቧዎች በጥቃቅን ጥቅልል ሽቦ ደፈኑላት። ዛሬ ገበያ በእግሯ ደርሳ ትመለሳለች፤ ክትትሏን አታቋርጥም፣ ጀርም ወደ ደሟ እንዳይገባ ጥርስ ለማስነቀል እንኳ ሐኪሞቿን ሳታማክር አትሄድም፤ ሕመሙ በዘር ሊመጣ ስለሚችል ልጆቻችንንም አስመርምረናል።

ይቅርታ ስጠይቃት፣ "ስነግርህ ነው የከረምሁት፤ አልሰማ አልህ እንጂ" አለች።

ለሐኪሞቿ ዕድሜ ይስጥልኝ። ተመሳሳይ ሕመም ለገጠማችሁ ምክር ልጽፍ ብዕር ሳነሣ፣ ይህንንስ እሷ ትናገር ብዬ ጠየቅኋት። ብዙም አላሰበችም።

"ሐኪሙ የጠየቀው አንቺን ነው፤ ባልሽ ቢቆጣም መልሺ በልልኝ" አለች።