ጸበል የተጫነበት ደም

እህቴ በየቀኑ መርፌ ነበረባት። ታጋይ ነበረች፤ ነጻነት ሲገባ ገባች፣ ደሟን የሚበላ በሽታም አብሯት ገባ። ክንዷ ላይ መርፌ የሚገባበት ቦታ ጠፋ። እሷ ግን ስለ ክንዷ አታወራም፤ ወሬዋ ምጽዋ ነው። ጓዶቿ እዚያ፣ ጨው ሜዳው ላይ ወድቀው ነው የቀሩት። ትንሽ እዚያ ልሰንብት ነው ልመናዋ። የየቀኑን መርፌ ማን ይዞላት ይውረድ?

ሐኪሟም ታጋይ ነበር፣ ውጭ አገር የተማረ። አንድ ቀን ጥራቮሎ ሰፈር ቤታችን ሻሂ እየጠጣ፣ "ፈረንጆቹ የሚሞክሩት ነገር አለ" አላት። "የራስሽን ደም ይቀዱና ቀዩን ሕዋስ ጨው ያነሰው ውሃ ውስጥ ይከቱታል። ያብጥና ቆዳው ይከፈታል፣ መድኃኒት ይገባበታል። ጨዉን ሲመልሱለት ይዘጋል። ከዚያ ወደ ሥርሽ ይመልሱታል። እየዞረ መድኃኒቱን ትንሽ በትንሽ ያወርድልሻል። አንድ መርፌ፣ ለሳምንታት።"

"በቃ፣ ጭነት ማኪና ነው!" አልኩ። ኦፊቺና ውስጥ ማኪና ስጠግን ነው የምውለው፤ ከዘጠነኛ ክፍል አላለፍኩም፣ ግን ገባኝ። "የሷ ከደከመ የኔን ጫኑት።"

ሳቀብኝ። "እዚህ? እዚህ ማቀዝቀዣው መብራት ካገኘ ተመስገን ነው። ግን ደም አንሷታል። ባዶውንም ቢሆን ስጣት።"

ባዶውን! ደሜ ፈላ። እናቴ ግን የሰማችው ሌላ ነው። ደም ከተጫነ እኔው እጭነዋለሁ አለች። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት፣ በባዶ ሆዴ፣ ማይ ጨሎት በትልቅ ጣሳ። ጸበል!

"አደይ፣ የታመመችው እሷ ናት እኮ!"

"ዝም ብለህ ጠጣ። የሚያደርስላት ያንተ ደም ነው።"

መሳደብም ከለከለችኝ፣ ጭነቱ ይበላሻል ብላ። እኔን! ደም የሰጠሁ ቀን ሆዴ እንደ ባልዲ እየተንቦጫረቀ ነው አልጋው ላይ የወጣሁት።

በማግስቱ ሆስፒታል ልጠይቃት ሄድኩ። ፊቷ ቀልቷል።

"ሓወይ፣ ጸበሉ የት እንደቀረ እንጃ፤ የደረሰኝ ምላስህ ነው። ዛሬ ነርሷን ሰደብኳት።"

እስኪያመን ሳቅን። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ደምህ ሳያልቅብኝ ምጽዋ ልውረድበት" አለች።

"መርፌውስ?"

"ይቅር።"

ጮህኩ። እናቴም አለቀሰች፣ ለመነቻት። ማንን ትሰማለች?

"ኣጆኻ" አለችኝ ፌርማታው ላይ፤ አይዞህ ማለቷ ነው። "ብቻዬን መሰለህ የምሄደው?" ቦርሳዋን ይዤ፣ ሾፌሩንም ሐኪሙንም ፈረንጁንም እየተራገምኩ ሸኘኋት።

ሐኪሙ ቀይ ሕዋስ ሦስት አራት ወር ይኖራል ብሎኝ ነበር። እሷ ያን ያህል አልቆየችም። እዚያ ሙቀቱ ሬሳ አያሳድርም፤ መርዶው ሲደርሰን ተቀብራለች። የኔ ደም ውስጧ ነበረ፤ እኔ አልነበርኩም።

አሁንም ጭነት ማኪና ከምጽዋ ወጥቶ ኦፊቺናችን ሲገባ፣ ጭቃ መከላከያው ላይ የደረቀውን ጨው በጣቴ ነካ አድርጌ እቀምሳለሁ። ሰው ካየኝ እሳደባለሁ።